ከዱብሉቅ የመጣው ጮጮ

የዜናው ሙዚቃ ሲጀምር እጄ ሳላዘው ሪሞቱን ይፈልጋል። እዚህ ሜጋ፣ መንገድ ዳር፣ ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት ሒሳብ ስቀበል ቴሌቪዥኑ ከጭንቅላቴ በላይ ነው የተሰቀለው። ያ ከበሮ ድም ድም ሲል ቆዳዬ ይቆጣል። አጠፋዋለሁ። ሹፌሮቹ፣ "ምን ሆነሽ ነው፣ ዜናውን እንስማበት እንጂ" ይሉኛል፣ መልሼ እከፍተዋለሁ። አንቺም ባለፈው ጠይቀሽኝ ነበር፤ ሰው ስለነበረ አልመለስኩልሽም። አሁን ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ዝንቡም ተኝቷል፣ ልንገርሽ።

ነጌሌ ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት ነው። አስራ ሁለተኛን ስጨርስ አባቴ፣ "መምህር ሁኚ፣ ወር በገባ ደሞዝ አለሽ" ብሎ ላከኝ። እሱ ራሱ መምህር ነበር፤ በወጣትነቱ ከጎንደር ቡሌ ሆራ ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ። እናቴ ከተማውን እስከዛሬ ሀገረ ማርያም ነው የምትለው። እኔ መምህር የመሆን ፍላጎት አልነበረኝም፣ ከቤት የመውጣት ፍላጎት ግን ነበረኝ። ሁለቱም በአንድ መኪና ነበር የሚሄዱት፣ ተሳፈርኩ።

ኮሌጁ ቀይ አፈር ላይ የተደረደሩ የቆርቆሮ ጣራ ቤቶች ነበር። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ አቧራው በመስኮት ገብቶ ደብተር ላይ፣ ሻይ ላይ፣ ጥርስ ላይ ይቀመጣል። ቀን ጣራው በፀሐይ ይንጣጣል፣ አመሻሽ ላይ ሲበርድ እንደገና ይንጣጣል፤ ሰው የሚሄድበት ይመስልሽ ነበር። የካፌው ሽሮ ሽታ ከልብስ አይለቅም። ለእረፍት ቤት ስሄድ እናቴ ገና ሳትስመኝ፣ "ሽሮ ሽሮ ትያለሽ" ትለኝ ነበር።

ዶርማችን ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራም፣ በከተማው እንጂ። እኔ ሀገረ ማርያም ነበርኩ፣ ሲያጥር ማርያም። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛዋ ሜጋ ትባል ነበር፤ አዎ፣ የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። የሙስሊም ልጅ ናት፣ ምላሷ ምላጭ ነው። ጠዋት ጠዋት "ማርያም ማርያም፣ ተነሺ ረፈደ" እያለች ስትጣራ ኮሪደሩ በሙሉ ይስቅ ነበር። ሦስተኛዋ ዱብሉቅ ናት። ረጅም፣ ቀስ የምትል የቦረና ልጅ። አማርኛን እንደ ተዋሰችው ዕቃ በጥንቃቄ ይዛ ነበር የምትናገረው፣ እንዳይሰበርባት። አባቷ በልጅነቷ ሞቷል። ያሏት እናቷ፣ ጥቂት ከብቶች፣ ነጌሌ የሚኖር አንድ ከብት ነጋዴ አጎት ናቸው። እናቷ ዱብሉቅ መንገድ ዳር ወተት ትሸጥ ነበር፤ ልጇን ኮሌጅ ያስገባው ያ ወተት ነው።

ላውንጅ የምንለው አዳራሽ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ነበረን፣ በብረት ሳጥን የታሰረ። ቁልፉ ጥበቃው አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ማታ ለሁለት ሰዓት ዜና ሳጥኑ ሲከፈት ወንዶቹ ከፊት ይደረደራሉ፣ እኛ ከኋላ። ዜናው ስብሰባ ነው፣ ሪባን ሲቆረጥ ነው፣ ጭብጨባ ነው። የእኛ አገር ዜና የሚሆነው ዝናብ ሲቀር ብቻ ነበር፤ የከሳ ከብት ያሳያሉ፣ የደረቀ ኩሬ ያሳያሉ፣ ከዚያ ስፖርት። ወንዶቹ ስለ ዓለም ፖለቲካ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ይተነትናሉ። እኔ የምሄደው ዜናውን ፈልጌ አልነበረም። አራት ግድግዳ ውስጥ መቀመጥ ስለማልችል ነው።

የምወደው ፊልም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከገበያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት እገባለሁ፤ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የጣውላ አግዳሚ፣ በጆንያ የተሸፈነ መስኮት፣ የላብና የተቆላ ለውዝ ሽታ። ሴት አትገባም ነበር፤ የገባች ዱርዬ ትባላለች። ዱርዬ መባል ፊልም ከማጣት ይሻላል ብዬ እገባለሁ። የህንድ ፊልም ነው የሚበዛው፣ ቋንቋውን ከመሃላችን አንድም የሚያውቅ የለም፣ ግን እናት ስትታመም በየትኛው ቋንቋ ነው የማይገባሽ? እሁድ ልብስ ታጥቦ ከተሰጣ በኋላ ዶርማችን ሲኒማ ይሆናል። አልጋ ላይ ቆሜ ፊልሙን እነግራቸዋለሁ፤ ሽፍታውም እኔ፣ ዘፋኟም እኔ፣ ሞተር ሳይክሉም እኔ። የረሳሁትን ከራሴ እሞላለሁ። አንቺ ፊልም በኪስሽ ይዘሽ ትዞሪያለሽ፣ ይሄ ላይገባሽ ይችላል።

ሜጋ ትበጠብጠኛለች። "ባለፈው እሁድ የቀበርሽው ሰውዬ አይደል እንዴ ዛሬ የሚዘፍነው?" ትላለች። ዱብሉቅ ግን ፊልሙን እንደ ወሬ ነበር የምትቀበለው። ቦረና ቤት ወሬ ከመሃሉ አይጀመርም። ከሩቅ የመጣ ሰው የፈለገ ነገር ቢደርስ መጀመሪያ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው ይላል፤ ከዚያ ዝናቡ፣ ከዚያ ሳሩ፣ ከብቱ፣ ሰው በመጨረሻ። ገና አፌን ስከፍት ታስቆመኛለች።

"ናጋ ነው?"

"ናጋ ነው።"

"አገሩ ዝናብ አለው?"

"አለው። ሲዘፍኑ ሁልጊዜ ይዘንብባቸዋል።"

"ከብቱ?"

"አንድ ላም አይቻለሁ። አስፋልት ላይ ተኝታለች፣ ደህና ናት።"

"ሰዎቹስ?"

"ናጋ ናቸው።"

"እሺ፣ ምን ሆነ?"

"አባትየውን ገደሉት።"

ሜጋ በሳቅ ከላይኛው አልጋ ልትወድቅ ትደርሳለች። ዱብሉቅ አትስቅም። "አሁን ንገሪኝ፣ ልቤ ተቀምጧል" ትለኛለች። እኔ ከነገሩ መጀመር ነው የምወደው። ናጋ የሚባለው ነገር ጊዜ ማጥፊያ ይመስለኝ ነበር።

ያን ሳምንት እናቷ ልትመጣ ነበር። ልጇ የምትተኛበትን አይታ አታውቅም። በሹፌር አፍ "ሐሙስ እመጣለሁ" ብላ ልካለች፤ እሷ ስልክ የላት፣ እኛም ብንሆን ኔትወርክ የምናገኘው ውኃ ታንከሩ ሥር ቆመን፣ እሱም ሲፈቅድ ነው። ዱብሉቅ ብርድ ልብሷን አጠበች። ወለሉን አጠበች። ሜጋ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ባለ ጡንቻ ተዋናይ እንድታነሳው ለመነቻት።

"እናቴ ይሄ ማነው ትለኛለች።"

"የማርያም ባል ነው በያት" አለች ሜጋ።

"ሸሚዝ የለውም እኮ።"

"ማርያም እያጠበችለት ነው።"

በመጨረሻ በካላንደር ሸፈኑት። እናቷ እንደምትመጣ ዱብሉቅ ያልነገረችው ሰው አልነበረም፤ ለካፌ ሠራተኞቹ፣ ለመምህራኑ፣ አይቷት ለማያውቅ ተማሪ ሁሉ።

ሐሙስ አውቶቡሱ ሳይመጣ መሸ። ጎማ ይሆናል፣ ያ መንገድ ጎማ ይበላል ተባባልን። ዱብሉቅ በታጠበው ብርድ ልብሷ ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፣ ላውንጅ ሄድኩ። ዜናው ሊያልቅ ሲል፣ ስፖርቱ ከመግባቱ በፊት፣ አንባቢዋ ወረቀቷን ገለበጠችና ከያቤሎ ወደ ነጌሌ ይጓዝ የነበረ አውቶቡስ ዋጪሌ አካባቢ መገልበጡን፣ የሰው ሕይወትም መጥፋቱን ተናገረች። ይኸው ነው። ሥዕል እንኳ አልነበረውም። ከዚያ ኳስ ሆነ።

ኳሱን ያየ የለም። ከፊት ያሉት ወንዶች አንድ በአንድ ዞረው እኔን አዩኝ።

ወደ ግቢው በር ሮጥኩ፣ ጥበቃው መኪና የሚገባ የሚወጣውን ስለሚሰማ። ከእሱ ጎን ፕሮክተራችን ቆመዋል። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ወታደር ባላቸውን ተከትለው ከወሎ መጥተው ነጌሌ ያረጁ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ እኛን ሁሉ እንደወለዱ የሚቆጡ ሴት ናቸው። እጃቸው ላይ ጮጮ ይዘዋል። የወተት ዕቃውን፣ ጭስ ጭስ የሚለውን። የዱብሉቅ እናት ጮጮ አንገቱ ዙሪያ ሰማያዊ ጨሌ አለው፤ ስንት ጊዜ ልካልን ከእሱ ጠጥተናል፣ አይጠፋኝም። የተገለበጠው መኪና ዕቃ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ አንድ የጭነት ሹፌር ሲያልፍ አይቶት፣ የኮሌጇ ልጅ እናት ዕቃ ነው ብሎ አምጥቶ ለጥበቃው ሰጥቶ ሄዷል። ጥበቃው ስለ ሴትየዋ ሲጠይቀው፣ "አላየኋትም፣ ግን በጨርቅ የተሸፈኑ ነበሩ" ብሎታል።

"አፍሽን ዝጊ" አሉኝ እትዬ፣ ገና ምንም ሳልል።

"ሞተች ማለት ነው?"

"ማን ሞተች አለሽ? መርዶ በማታ አይረዳም፣ በባዳ አፍም አይነገርም። አጎቷ ከብት ሊገዛ ገበያ ወርዷል፣ ነገ ማታ ይገባል አሉ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ባለበት፣ በወጉ ይነገራታል።"

"እስከዚያስ እትዬ?"

"እስከዚያማ ያንን የምትቀባጥሪውን ፊልምሽን ቀባጥሪላት። ከዶርም እንዳትወጣ።"

እኔ ፀጉርሽ አላማረብሽም ብዬ ፊት ለፊት የምናገር ሰው ነኝ። ያን ማታ ዱብሉቅ፣ "ዜናው ምን አለ?" ስትለኝ፣ "ስብሰባ" አልኳት። ምላሴ አፌ ውስጥ የሌላ ሰው ሆነ።

አርብ ኮሌጁ በሙሉ ዋሸ። የቴሌቪዥኑ ሳጥን ሳይከፈት ዋለ፣ ተበላሽቷል ተባለ። ሬዲዮ ያላቸው ወንዶች ባትሪውን አወጡ። የጠዋቱ መምህር የዱብሉቅን ዓይን ማየት ፈርቶ፣ "ዛሬ አሞኛል" ብሎ ክላሱን በተነው። ቁርስ ላይ ወጥ የምትጨልፈው ሴትዮ የዱብሉቅን ሰሃን እስኪፈስ ሞላችላትና ወደ ጓዳ ዞረች። ሰላም ብሏት የማያውቅ ሁሉ ሰላም አላት። ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም ብላ፣

"ዛሬ ምን ሆነው ነው?" አለች። "ላገባ ነው እንዴ?"

ሜጋ መሳቅ ጀምራ መሃል ላይ ሳል አደረገችው።

ዶርም ዘግተን ፊልም ጀመርኩ። ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን፤ ልጇ ባቡር ጣቢያ የጠፋባት እናት ታሪክ ነው። ናጋ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ላሟ ደህና ናት። ከዚያ በኋላ መከራዬን አየሁ። እንደዚያ ዓይነት ፊልም ውስጥ እናት ካልሞተች ነገሩ ወደፊት አይሄድም፤ ልጁ የሚነሳው፣ ሽጉጡን የሚያወጣው እሷን ቀብሮ ነው። እኔ ደግሞ መግደል አልቻልኩም። ወንዝ ወሰዳት፣ ሥር ይዛ ወጣች። ቤቷ ተቃጠለ፣ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ መነጽሩን አወለቀ፣ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ፣ "ደህና ናት፣ ሾርባ ስጧት" አለ። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ሴትየዋ አልሞትም አለች።

"ይቺ እናት የድመት ነፍስ ነው ያላት?" አለች ሜጋ ከላይ። ወዲያው የተናገረችው ገባትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ዱብሉቅ ፈገግ አለች። "ተያት፣ ትኑር" አለች። ከዚያ ጉልበቷን አቅፋ ለራሷ እንደምትናገር ሆና ቀጠለች። "የእኔም እናት ተራ ደርሶባት ይሆናል የቀረችው። የኤላ ተራ።"

ኤላ እነሱ ጋ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው እየዘፈኑ ውኃ በእጅ እየተቀባበሉ የሚያወጡበት። ከብት የሚጠጣው በተራ ነው፣ ተራውን የሚያስጠብቅ ሽማግሌ አለ። አንዱ ሰው ከታመመ ወይ ሐዘን ከደረሰበት ተራው ይሸጋሸግና ነገ ያልሽው ዛሬ ይሆንብሻል። ካልቀረብሽ ከብትሽ ተጠምቶ ይመለሳል። "ንጉሥ ቢጠራት ተራዋን ትታ አትመጣም" አለች። እኔና ሜጋ ተያየን። አዘንንላት።

"ግን" አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነ። "ቀርታ ቢሆን ወተቱን በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ትልክልኝ ነበር። ጮጮው መጥቶ፣ እሷ ቀርታለች እል ነበር። ጮጮውም አልመጣም። ስለዚህ መንገድ ላይ ናት። ከትናንት ጀምሮ መንገድ ላይ ምን ታደርጋለች?"

ፊልሙን አቆምኩ። ጮጮው መጥቷል እኮ። እኛ ሞት ብለን የደበቅነው ዕቃ ለእሷ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። እሷን ያስፈራት አለመምጣቱ ነው፣ እንዳይመጣ ያደረግነው ደግሞ እኛ ነን።

እትዬ ዘንድ ሮጥኩ። የቅዳሜውን ሰው ሊጠሩ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር።

"እትዬ፣ ጮጮውን እናሳያት። እናትየው ስትቀር ነው የምትልከው ትላለች።"

"ይዛው ተሳፍራስ ቢሆን?"

"ላይሆን ይችላል።"

"ላይሆን ይችላል ተብሎ ሰው ልብ ውስጥ እሳት አይለኮስም፣ አንቺ ልጅ። ዛሬ ደህና ናት ብለሽ ነገ ሞተች ልትያት ነው? ሁለቴ ልትገያት ነው?"

ትክክል ነበሩ። እኔ ከተሳሳትኩ ለዱብሉቅ የእናቷን መርዶ ብቻዬን፣ በምሽት፣ ዘመድ ሳይኖር ያረዳሁ እኔ ነኝ። እንደዚያ ያደረገ ሰው አገር ውስጥ ቆሞ አይሄድም። ግን ስትጨነቅ አየኋት እኮ፤ ጉልበቷን አቅፋ መንገዱን በሐሳቧ ስትቆጥር። እትዬ እንደወጡ ክፍላቸው ገባሁ፤ በሩ ቁልፍ አልነበረውም። ጮጮው አልጋቸው ሥር በፎጣ ተሸፍኗል። በፎጣው ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ በካፌው ጀርባ ዞሬ ገባሁ።

ዱብሉቅ ፊት አስቀመጥኩት። ሜጋ ከላይ አልጋ ዘላ ወረደችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

ዱብሉቅ አልጮኸችም። ጮጮውን ወደ ጭኗ ሳበችው። ክዳኑ ላይ ከቀሚስ ጫፍ የተቀደደ ጨርቅ ዙሪያውን ታስሯል። በአውራ ጣቷ ቋጠሮውን ዳሰሰችው፣ ደጋግማ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ።

"ታስሯል" አለች። "ቀርታለች።"

"ምን ማለት ነው?"

"እሷ ስትይዘው አታስረውም፣ ጭኗ ላይ ነው የምታስቀምጠው። የምታስረው ለሰው ስትሰጥ ነው፣ መንገድ ላይ እንዳይከፍቱት።"

እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ታስሮ ነበር የሚመጣው፤ ሁልጊዜ ተልኮ እንጂ ከባለቤቱ ጋር መጥቶ አያውቅማ። ስለዚህ ቋጠሮውን ልብ ያለው የለም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ለምን ደበቃችሁት?"

አሁን መናገር ነበረብኝ። ከነገሩ ልጀምር አፌን ከፈትኩና አቃተኝ። "ናጋ ነው" አልኩ። ያልኩት አውቄ አይደለም። ዝናብ የለም፣ አልኩ። ከብቱን አላውቅም። ከዚያ አውቶቡሱ መገልበጡን ነገርኳት፣ ጮጮው ከየት እንደተገኘ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እትዬ ምን ሊነግሯት እንደተዘጋጁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ቋጠሮውን አልለቀቀችም።

"እናቴ ዱብሉቅ ናት" አለች። ጮጮውን ራስጌዋ አድርጋ ተኛች፣ እንቅልፍም ወሰዳት። እንቅልፍ ያጣነው እኔና ሜጋ ነን። "ጨርቅ ነው እኮ ያየችው ማርያም፣ ጨርቅ" ትለኛለች ሜጋ በጨለማው።

ሲነጋ የእትዬ ሰዎች መጡ። የሠፈር ሴቶች፣ የመምህራን ሚስቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከዶርማችን ፊት ባለው ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አጎትየው ገና አልደረሰም። እትዬ ዓይናቸው ቀልቶ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ወጣሁና፣

"እትዬ፣ ነግሬያታለሁ" አልኳቸው።

"ምኑን?"

ልመልስ ስል ኮሌጁ በር ላይ አይሱዙ ቆመ። ከከሰሉ ጆንያ ላይ አንዲት ሴት ወረደች፤ አቧራው ፊቷንም ልብሷንም አንድ ቀለም አድርጎታል። ወደ እኛ እየፈጠነች መጣችና ድንገት ቆመች። የልጇ ዶርም በር። የተዘቀዘቀ ነጠላ የለበሱ ሴቶች። ያለቀሱ አሮጊት። ሴትየዋ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ መሬቱ ላይ ወደቀችና ጮኸች። እትዬ ደግሞ ዘመድ ደረሰች፣ ነገሩ ወጣ አሉና ሄደው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ተቃቅፈው አለቀሱ። ድንጋይ ላይ ያሉት ሁሉ ተነስተው ተቀበሏቸው። ሴትየዋ የምታለቅሰው ለልጇ፣ እትዬ የሚያለቅሱት ለእሷ።

ዱብሉቅ ከመታጠቢያው በኩል መፋቂያዋን ጥርሷ መሃል ይዛ ብቅ አለች።

ልቅሶው በአንዴ አልቆመም፤ ከዳር ጀምሮ እየተቆረጠ መጣ። እናትየው ቀና ስትል ልጇ ቆማለች። ተነስታ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘቻት፣ ትከሻዋን መታቻት፣ ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ አለችባት፣ መልሳ መታቻት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቀች።

"ማነው የሞተው እያለች ነው" አለች ሜጋ፣ ለእትዬ እየተረጎመች። "አንቺ ነሽ ልበላት?"

እትዬ መሬቱ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። "ይሄን ሁሉ ዘመን መርዶ ሳረዳ ኖሬ" አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አድርገው። "ሟቿን አቅፌ ሟቿን አለቀስኩ።" መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ለጮጮው ስድቤን ስጠብቅ እጄን ያዙኝና አልለቀቁኝም፤ የእጃቸው ሙቀት አሁንም አለ። አጎትየው ለመርዶ ያዘጋጀውን ፊት ይዞ፣ ዱላውን ተደግፎ ሲደርስ እህቱ ቆማ ሻይ እየጠጣች ነበር። ወደ አጥሩ ዞረ፣ ረጅም ጊዜ ዞሮ ቆየ።

እኔ ኮሌጁን በዓመቱ ተውኩት። ሜጋ አግብታ ኬንያ ተሻገረች፣ እኔ እሷ ከተማ መጥቼ ቀረሁ። ዱብሉቅ አስተማሪ ሆናለች ይላሉ። እትዬ አርፈዋል። የእሳቸውን መርዶ በስልክ ነው የሰማሁት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ቆሜ፣ ለአንድ ሹፌር መልስ እየቆጠርኩ። ሰው ሰብስቦ፣ አስቀምጦ የነገረኝ የለም።

ያን ቀን ግን ገና አላለቀም። እናትየው ሻይዋን ጨርሳ ልክ ዱብሉቅ እንዳለችው ተናገረች፤ ተራው ተሸጋሽጎባት ሐሙስ ሆነ፣ ጮጮውን አስራ ለረዳቱ ሰጠች፣ በማግሥቱ የከሰል መኪና ለምና ወጣች። የተገለበጠውን አውቶቡስ በመንገዷ አይታዋለች። ከዚያ ሌላ ነገር አለች። ለእሷ ተይዞላት በነበረው ወንበር አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ ለሕክምና ወደ ነጌሌ የምትመጣ፣ ቆማ ለመሄድ ተስማምታ የተሳፈረች። "ውሰጂው፣ እኔ ከብት ላጠጣ ነው ብያት ነበር" አለች። ከዚያ በኋላ እንጀራ ቀርቦላት አልነካችም። የልጇን አልጋም አላየችም።

ስለዚህ ሄድን። እናትየው፣ ዱብሉቅ፣ ሜጋና እኔ፣ በእግር፣ ነፋሱ ገና ሳይነሳ። የሆስፒታሉ ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ እኛ በሳቅ የጨረስነው ጠዋት ለሌሎች ምን እንደነበር እዚያ አየሁ። አንዱ ጥግ ወንዶች አንድ ሽማግሌ ይዘው በዝግታ ያናግሩታል፤ እንደሚያስቀምጡት አውቄ ዓይኔን መለስኩ። እናትየው ማንንም አልጠየቀችም። በየክፍሉ በር ላይ ቆማ አልጋዎቹን አንድ በአንድ ታያለች፣ ሻሽ ነው የምትፈልገው። ሻሽ ያሰረ አልነበረም። እኔ "እንመለስ" ልል ሁለቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።

መጨረሻ ላይ ባለው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ እጇ በጀሶ የታሸገ፣ ግማሽ ፊቷ ያበጠ ሴት ተኝታለች። እናትየው አለፈቻት፣ ተመለሰች፣ ጎንበስ አለች። እኔ አላወቀቻትም ብዬ ነበር። ሴትየዋ ናት ያወቀቻት። ያልተጎዳ እጇን ከአንሶላው ሥር አውጥታ የእናትየውን ልብስ ያዘች።

አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሁለት ቃል። እናትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ መለሰችላት፣ ከዚያ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

"ምን አለቻት?" አልኩ ዱብሉቅን በጆሮዋ።

"ከብቶቹ ጠጡ ወይ አለቻት።"

"እሷስ?"

"ጠጡ።"